የወንድም ጋሼ ኮፍያ ለምን ሰፋ?



ባለፈው እሑድ የለጠፍኳት የኮፍያ ፎቶ እንዲህ ታነጋግራለች ብዬ አልጠበቅሁም። የባዮሎጂ ፈተና ውጤት ስለጥፍ እንኳ ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦልኝ አያውቅም። ሃሃሃ። ከአስተያየቶቹና በውስጥ መስመር ከላካችሁልኝ መልእክቶች ሦስት ጥያቄ ለቅሜያለሁ። አንደኛ «ቲቸር፣ አሠራሩን ይንገሩን» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሁለተኛ «ለምንድን ነው እንዲህ የሰፋው? ወደ ኋላ ወርዶ አንገት ሊነካ ምን ቀረው?» ብላችሁ የሳቃችሁ አላችሁ። ሦስተኛ ደግሞ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ፎቶውን አጉልታ አይታ «ቲቸር፣ ከላይ በኩል አንዷ ዙር ከሌሎቹ ትለያለች። ላላ ብላለች። ሆን ተብሎ ነው?» ብላ ጽፋልኛለች። ይህች ልጅ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበረች። በማይክሮስኮፕ ሌላው ያላየውን ነገር መጀመሪያ አይታ እጇን የምታወጣው እሷ ነበረች።

ሦስቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ቦታ ነው የሚገኘው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ኮፍያው የታላቅ ወንድሜ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራውም «ወንድም ጋሼ» እያልኩ ነው። ሹራብ መሥራት ያስተማረኝ እሱ ነው። አዎ፣ ወንድሜ። በእኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው ተብሎ ተከፋፍሏል። ሹራብ ደግሞ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ለሴቶች የተሰጠ ትምህርት ነበር። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ካልሲ ሲሠራ መንገደኛው ቆሞ ያየው ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎም አያይ።

የተማረው እስር ቤት ነው። በ1970 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ተማሪ ሳለ ተይዞ በ1975 ተፈታ። ያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ለእናንተ አላብራራም። ከየቤታችሁ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሲያዝ ጎፈሬ ነበረው፤ የዚያን ጊዜ ወጣት ፎቶ ያየ ሰው ምን ዓይነት ጎፈሬ እንደምል ይገባዋል። ማበጠሪያው ሁልጊዜ የኋላ ኪሱ ውስጥ ነበር። በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ላጩት። ስለ እስሩ ብዙ አያወራም፤ ጸጉሩን ግን ያነሳል። «መሬት ላይ ወድቆ ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ» ብሎኝ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

እዚያው አብረውት ከታሰሩት መካከል አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ሹራብ ያውቁ ነበር። ብረት ማስገባት ክልክል ስለሆነ ከመጥረጊያ እንጨት አምስት መርፌ ጠርበው፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው አለሰለሱት። ክሩን ደግሞ ከቤተሰብ የሚገባ አሮጌ ሹራብ እየፈቱ ነበር የሚያገኙት። የተፈታ ክር እንደ ሽቦ ይጠቀለላል። ስለዚህ አጥበው፣ ጫፉ ላይ ከበድ ያለ ነገር አስረው ይሰቅሉታል፤ ሲደርቅ ይቃናል። እዚያ ማንም አዲስ ክር አላየም። አንዱ ሹራብ ፈርሶ ሁለት ኮፍያና አንድ ጥንድ ካልሲ ይሆናል፤ ኮፍያው ሲያረጅ ደግሞ ተፈትቶ ሌላ ይሆናል።

እናታችን በየሳምንቱ ስንቅ ታደርስ ነበር። ልጇን አታየውም። አገልግሉን በር ላይ ትሰጣለች፣ ባዶውን ትቀበላለች። ባዶ አገልግል ተመለሰ ማለት ልጅ አለ ማለት ነው። እኔም አንዳንዴ አብሬያት እሄድ ስለነበር እጇ ሲቀበል እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አስታውሳለሁ። አንድ ቀን አገልግሉ ውስጥ ካልሲ ተጠቅልሎ መጣ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ ክር ታነባለች። ካልሲውን በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችና «ልጄ ደህና ነው፤ እጁ አልላላም» አለች። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ወሩ የሆነ ነገር ይመጣል፤ እሷም ሳብ አድርጋ ታነባለች። አንድ ጊዜ የመጣው ኮፍያ ዓይኑ ሁሉ ሰፋፍቶ ነበር። «ታሟል» ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይ አደረች። ሲፈታ ጠየቅነው፤ እውነትም ያን ሰሞን ተስቦ ይዞት ነበር።

ሲወጣ አምስቱን እንጨቶች ይዞ ወጣ፤ ሽማግሌው ሰጥተውት። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያ ትምህርቴን የተማርኩት በእነዚያ እንጨቶች ነው። ጸጉሩንም ከዚያ ቀን ጀምሮ አሳደገ። መሥሪያ ቤት ገባ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ጡረታ ወጣ፤ ጎፈሬው አልተነካም። ሠርጉ ላይ እንኳ ሽማግሌዎች «ትንሽ ከርከም ብታደርገው» ቢሉት «እሱን ተዉልኝ» ነው ያለው። እያደር ሸበተ፤ አሁን ነጭ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ የምታውቋት ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ባልዲ ውስጥ ያለውን ውኃ ያግጠዋል። ኮፍያ ያስፈልጋል። ሱቅ የሚሸጠው ኮፍያ ግን ለጎፈሬ አልተሠራም፤ ወይ አናቱ ላይ ዘውድ መስሎ ይቀመጣል፣ ወይ ጸጉሩን ጨፍልቆ ራስ ምታት ያመጣል። ለዚህ ነው ኮፍያው መጀመሪያውኑ የሰፋው። ወደ ኋላ የሚተኛ፣ ውስጡ ቦታ ያለው ኮፍያ ለእሱ ፋሽን አይደለም። ልኩ ነው።

አሁን ወደ ጓሳ ልውሰዳችሁ።

ወንድም ጋሼ የሥራ ዘመኑን ብዙውን ያሳለፈው በመንዝ፣ በግብርና ሥራ ነው። ከእናንተ መካከል ከእኔ ጋር ለትምህርት ጉዞ ጓሳ የወጣችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያ ነጭ ጎፈሬ ያለው፣ ጭላዳዎቹን «ዘመዶቼ» እያለ ሲያስቃችሁ የዋለው ሰውዬ እሱ ነው። ወንዱ ጭላዳ ትከሻው ላይ የሚደፋውን ጎፈር አይታችሁ ከእሱ ጋር ስታነጻጽሩ ሰምቻችኋለሁ፤ እሱም ሰምቷል፤ ደስ ብሎታል።

ላልሄዳችሁ ልንገራችሁ። ጓሳ በመጀመሪያ የሣር ስም ነው፤ ቦታውም በሣሩ ተጠራ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ያሉትም በእኛ ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ጭላዳም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ሣር ግጦ የሚያድር ዝንጀሮ ነው። ጅብራ አለ፣ ጨረንፌ አለ፣ አስታ አለ። የጓሳ ሣር ግን የሁሉም ጌታ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በክረምት የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል።

አምና በዚህ ወቅት ጉልበቱ እምቢ ብሎት ቤት ዋለ። «ከእንግዲህ እኔና ጓሳ ተለያየን» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በቀልድ መልክ «አንቺ እጅሽ አይሰንፍም፤ ለምን አታመጪልኝም?» አለ። እኔ ቀልዱን በቁም ነገር ያዝኩት። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አምስቱን እንጨቶች ጠየቅሁት፤ ሰጠኝ። ዛሬ በእጅ ወዝ ጠቁረው እንደ ቀንድ ያብረቀርቃሉ።

ክሩን እንዴት ላምጣው? ጓሳን ከመርካቶ በገዛሁት ክር መሥራት ልቤ እሺ አላለኝም። የመንዝ በግ ሱፍ አስመጣሁ። የመንዝ በግ ጸጉሩ ረጅምና ሻካራ ነው፤ እዚያ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ባናና ዝተት ይሸምኑበታል። የመጣልኝን ሱፍ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ በደጋን ተነደፈ፤ አንዲት ጎረቤቴ በእንዝርት ፈተለችልኝ። ከዚያ ሁለት ሁለቱን ፈትል አንድ ላይ አከረርነው። ለቀለሙ ምንም አልነከርኩም። ጥቁሩም፣ ቡናማውም፣ ነጩም በጉ ራሱ ነው። አረንጓዴ በግ ግን የለም አይደል? ስለዚህ የልጄን የድሮ የዩኒፎርም ሹራብ ፈታሁ። አጠብኩት፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስሬ ሰቀልኩት፣ ተቃና። ወንድም ጋሼ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ሲያየው ሳቀና «የእኛን ሥራ ይዘሻል» አለ።

ለባዮሎጂ አስተማሪ ደግሞ «ተፈጥሮን የሚመስል ኮፍያ» ማለት አበባ ለጥፎ መተው አይሆንላትም። ራሴን ጠየቅሁ፦ ጓሳን ጓሳ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሦስት ነገር መረጥኩ።

ታችኛው ጠርዝ አፈሩ ነው፤ ጥቁር። የጓሳ መሬት ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ስትረግጡት ይሰጥማል፤ እንደ ፍራሽ መልሶ ይገፋችኋል። ስለዚህ ጠርዙን ተለጥጦ በሚመለስ አሠራር ሠራሁት።

መካከሉ ሣሩ ነው። ጓሳ ቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቆማል። ያረጀው ቅጠል አይወድቅም፤ ደርቆ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይቆማል። እዚያ ላይ ቀኑ በፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የደረቀው ቅጠል በመካከሉ አየር ይይዝና የሥሩን ለጋ ቡቃያ ከውርጭ ያድነዋል። ሱፍም የሚያሞቀው በዚሁ መንገድ ነው። ሙቀቱ የራሳችን ነው፤ ሱፉ የሚያደርገው በጸጉሮቹ መካከል አየር ይዞ ሙቀቱ እንዳይሸሽ መከልከል ብቻ ነው። ደግሞ ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚሆን እርጥበት መጥጦ እንኳ እርጥብ አይመስልም። የመንዝ እረኛ በጭጋግ ውስጥ ሱፍ ለብሶ የሚውለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ለሣሩ ቡናማና ነጭ ሱፍ አክርሬ፣ ከታች ወደ ላይ የሚሄዱ መስመሮች አወጣሁበት።

አናቱ ጅብራ ነው። ጅብራን ከላይ ወደ ታች አይታችሁት ታውቃላችሁ? ቅጠሎቹ ከመሃል ተነሥተው እየዞሩ ይወጣሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ አይደረብም፤ ሁሉም ብርሃን ያገኛል። ለዓመታት እንዲሁ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አበባ አቁሞ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። የኮፍያው አናት ላይ ዓይኖቹን ስቀንስ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አጋደልኳቸው፤ ስምንት መስመር እየዞረ መሃል ላይ ይገናኛል። የዩኒፎርሙን አረንጓዴ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ሐምሌ በዚህ አለፈ። ጠርዙን ጨርሼ፣ ሣሩን ጨርሼ፣ አናቱ ብቻ ቀረኝ። በየጊዜው ጎፈሬው ላይ እየለካሁ ነበር የምሠራው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ወንድም ጋሼ ዝናብ ባረጠበው የቤቱ ደረጃ ላይ አዳለጠው። ጭንቅላቱን ግድግዳ መታው። ተነሣ፣ ሳቀ፣ ሻይ ጠጣ፣ አበቃ። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ራስ ምታት ጀመረው። ከዚያ ቃላት ይጠፉበት ጀመር። «ያንን... ያንን...» እያለ ማንኪያ ያሳያል። ግራ እግሩን ይጎትታል። መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይዘነው ሄድን። ሲቲ ስካን ሲነሣ ከራስ ቅሉ ሥር ደም ተጠራቅሞ አንጎሉን ገፍቶታል።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና እንደ አስተማሪ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከኮፍያው በላይ የሚጠቅማችሁ ይህ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ በዕለቱ ደህና ስለመሰለ ብቻ አትርሱት። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል ትንሽ ይሸበሸባል፤ ከራስ ቅሉ ጋር ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ እዚያ ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ሲበጠሱ ደሙ በጣም በዝግታ ነው የሚጠራቀመው። ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፦ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ በአንድ ጎን መድከም፣ የንግግር መሰናከል። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቶሎ ከተደረሰበት በራስ ቅሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ደሙ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ይድናል።

ለቀዶ ጥገናው ጸጉሩን መላጨት ነበረባቸው። ነርሷ መላጫውን ይዛ ስትመጣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ምን እንደሚል ፈራሁ። ቃላቱ ስለጠፉበት ምንም አላለም። እጄን ብቻ ያዘ። ከ1975 ጀምሮ ያደገ ጸጉር አንሶላው ላይ ወረደ። ነርሷ ልጅ ናት፤ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን በእርጋታ ነበር የሠራችው፤ እግዜር ይስጣት። ጸጉሩን ሰብስቤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ሹራቡን ይዤ ነበር የሄድኩት። አስታማሚ ሆናችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ኮሪደር ላይ ሰዓቱ አይሄድም። መግቢያው ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ሲፈትሽ እንጨቶቹን አወጣና አገላብጦ አያቸው። «ብረት አይደለም፤ ይግቡ» አለኝ። የወንድም ጋሼ ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። በዚያ በጭንቅ ቀን ፈገግ ያልኩት ያኔ ብቻ ነው። ግን አንድም ዓይን አልሠራሁም። ለጎፈሬ የተለካ ኮፍያ፣ ጎፈሬ ለሌለው ሰው፤ ክሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በሦስተኛው ቀን ፋሻው ላይ ኮፍያውን ቀስ ብዬ አስጠጋሁት። የተላጨ ራስ እንዴት ትንሽ ይሆናል! እስከ አፍንጫው ወረደ። «ጋሼ፣ ልፍታውና ላጥብበው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ቃል ሲፈልግ ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ እኔም አልቸኮልኩም፤ ጠበቅሁት።

«ጸጉሬ ይመለሳል» አለ። «ቦታውን አትዝጊበት።»

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሳይሰበር የወጣ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነው። ሁለተኛው ጥያቄያችሁ መልስ አገኘ? ኮፍያው የሰፋው የሚመለስ ነገር ስላለ ነው።

በኋላ ቤት ገብተን ሳስበው ይህ ነገር የራሱ የጓሳ ሕግ ነው። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን የሚጠብቁት በመዝጋት ነበር። ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ሣሩ ደረሰ ሲባል ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፤ እንደገና ይዘጋል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ በኋላ ግን የአካባቢው ሰው ራሱ መልሶ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ ያዘው። ባዶ የሚመስለውን ቦታ ሌላ ነገር ሳያደርጉበት መጠበቅ። ወንድም ጋሼ ይህን ሲያስረዳ ስንት ዓመት ኖሯል! ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖም የተናገረው ያንኑ ነው።

እሺ፣ አሁን አሠራሩ። ደብተር አውጡ!

እኛ ቤት መርፌው ላይ የሚንጠለጠለውን እያንዳንዱን ቀለበት «ዓይን» እንለዋለን። ፊት ለፊት የሚሠራውን «ቀጥ»፣ በጀርባው የሚሠራውን «ግልብጥ»። የእናንተ ቤት ሌላ ስም ካለው በራሳችሁ ቀይሩት። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር 100 ግራም ገደማ ይበቃል። 20 ዓይን ጎን ለጎን 10 ሳንቲ ሜትር ቢመጣላችሁ ልኩ ነው።

ጠርዝ፦ በጥቁር 96 ዓይን ጀምሩ። ጫፍና ጫፉን አገናኝታችሁ በዙር ሥሩ። ሁለት ቀጥ፣ ሁለት ግልብጥ፤ እንዲህ እያላችሁ 5 ሳንቲ ሜትር። የመንዝ ሱፍ ግንባር ላይ ስለሚኮሰኩስ ከውስጥ በኩል ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ስፉበት።

ሣር፦ በቡናማና ነጩ ክር፣ ከየሦስቱ ዓይን በኋላ አንድ አዲስ ዓይን ጨምሩ። 32 ትጨምራላችሁ፤ 128 ይሆናል። ኮፍያውን ወደ ኋላ የሚያስተኛው ይህ ጭማሪ ነው። ከዚያ ሦስት ቀጥ፣ አንድ ግልብጥ እያላችሁ 13 ሳንቲ ሜትር። የጨመራችኋት አዲሷ ዓይን ግልብጧ ትሆናለች፤ መስመሩ በራሱ ይወጣል።

ጅብራ፦ አረንጓዴውን አስገቡ፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም ቀጥ ነው። 128ቱን ለስምንት ክፈሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 16 ዓይን ነው። በየክፍሉ መጀመሪያ ሁለት ዓይን አንድ ላይ ሥሩ፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን አጋድሉ። ቀጣዩን ዙር ሳትቀንሱ እለፉ። እንዲህ አንዱን ዙር እየቀነሳችሁ አንዱን እያለፋችሁ 15 ጊዜ ስትቀንሱ 8 ዓይን ይቀራል። ክሩን በስምንቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩት። ኮፍያው ከጠርዝ እስከ አናት 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎፈሬ፣ ሹሩባ፣ ድሬድ ያላችሁ ሁሉ ትገቡበታላችሁ። የሌላችሁም ትገባላችሁ፤ ወደ ኋላ ጣል አድርጉት።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ። ላልታ የምትታየዋ ዙር።

ጥቅምት ላይ ቤት ሲገባ ሐኪሙ «እጁን አሠሩት፤ የለመደውን ነገር ይሥራ» አለን። እኔ አናቱን ጀምሬ ስድስት ጊዜ ቀንሼ 80 ዓይን ላይ ደርሼ ነበር። እንጨቶቹን ከእነኮፍያው እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ግራ እጁ ገና ደካማ ነው። እንጨቱ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለቴም ራሱ ጎንበስ ብሎ አነሣው። እኔ ሽንኩርት የምከትፍ መስዬ በጎን አየዋለሁ። 80 ዓይን በደህናው ጊዜ ለእሱ አሥር ደቂቃም አይፈጅበትም። ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ ፈጀ። ሲጨርስ ለኔ አልሰጠኝም። በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው፤ ልክ እንደ እናታችን።

«እማዬ ብታየው ታሟል ትል ነበር» አለ።

«ልፍታው ጋሼ?»

«ተይው። ታምሜ ነበር፤ ይታወቅ።»

ስለዚህ፣ አንቺ ዓይነ ንቁ ልጅ፣ መልሱ «አዎ፣ ሆን ተብሎ ነው» የሚል ነው። ከሷ በላይ ያሉት ዙሮች የኔ ናቸው፤ ከሷ በታች ያሉትም የኔ ናቸው። እሷ የወንድም ጋሼ ናት።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ጸጉሩ ሁለት ጣት ተኩል ሆኗል፤ ነጭ፣ እንደ ጥጥ። ኮፍያው አሁንም ወደ ግንባሩ ይወርዳል፤ እሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አያወልቀውም። ንግግሩ ቀስ ይላል እንጂ ይሟላል። ጥር ላይ መንገዱ ደረቅ ሲሆን በመኪና እስከሚቻልበት ድረስ ጓሳ ልናወጣው ከልጆቹ ጋር ተነጋግረናል፤ «ዘመዶቼ ይህን ራስ አያውቁትም» ብሎ ፈርቷል። ኮፍያው እንዳለ ነገርነው። እንጨቶቹን ግን መልሶ ወስዶብኛል። ለኔ ካልሲ ጀምሯል። ትናንት ማታ እሱ ከተኛ በኋላ ኩራዝ የምትፈልግ ሴት መስዬ ገብቼ በሁለት ጣቴ ሳብ አደረግሁት። ጠበቅ ብሏል።

የሠራችሁ ፎቶ ላኩልኝ፤ ክሩን ከምን እንዳገኛችሁትም ጻፉልኝ። ቤታችሁ አሮጌ ሹራብ ካለ ከመጣላችሁ በፊት ጫፉን ፈልጋችሁ ሳብ አድርጉት፤ ብዙ ክር አለበት። ወላጆቻችሁን ደግሞ ደውሉላቸው፤ በቅርቡ ወድቀው እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ሳይጠየቁ አይናገሩም።

ብርዱን በደህና ያሳልፋችሁ። ደህና እደሩ።